ወርቅንና ብረትን ያዛመደው ፕላሲዶ ዙሎአጋ

በስፔን አገር በሰሜን በኩል፣ በባስክ ሕዝብ ምድር፣ ኤይባር የምትባል ከተማ አለች። ከተማዋ በተራሮች መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች በመሆኗ ሰፊ የእርሻ መሬት አልታደለችም። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን የኖረው በብረት ሥራ ነው። በብዙ ቤት አባት ለልጁ የሚያወርሰው በሬና ማሳ ሳይሆን ወናፍና መዶሻ ነበር። ከዚህች ከተማና ከጎረቤቷ ከፕላሴንሲያ የወጡ ጠመንጃዎችና ሽጉጦች በስፔን ነገሥታት ሠራዊት ትከሻና ወገብ ላይ ለመቶ ዓመታት ታይተዋል። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የምናቀርበው ፕላሲዶ ዙሎአጋም የዚህች ከተማ የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ዘር ነው።

ይህ ሰው አገር አልገዛም፤ ጦር አልመራም። ስሙ የተጠራው በብረት ላይ ወርቅን እንደ ጥልፍ በመጥለፉ ነው። ይሁንና የሕይወቱ ታሪክ ከጌጥ የሚበልጥ ቁም ነገር ይዟል። አንድ ሙያ ያደገበት ዕቃ ጊዜ ሲያልፍበት ሙያውም አብሮት መቀበር አለበትን? ፕላሲዶ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በንግግር ሳይሆን በእጁ ሥራ ነው። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ለአንባቢያን እናስታውሳለን።

የትውልድ ሐረጉ

ፕላሲዶ ዙሎአጋ በ1834 ዓ.ም. በማድሪድ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከኤይባር የፈለሰ ቢሆንም ሥራው ወደ ዋና ከተማው ስቦት ነበር። አያቱ ብላስ ዙሎአጋ በማድሪድ ቤተ መንግሥት በሚገኘው የንጉሣዊ ጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያገለግል ነበር። በ1808 ዓ.ም. የተወለደው አባቱ ኤውሴቢዮም በልጅነቱ ወደ ብረት ሥራ ገብቶ፣ በኋላ ለንግሥት ኢሳቤል ሁለተኛ የጦር መሣሪያ ሠሪ ለመሆን በቅቷል።

ይህ ግምጃ ቤት ለዙሎአጋ ቤተሰብ ከትምህርት ቤት የሚበልጥ ነበር። በውስጡ በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የቀዳማዊ ካርሎስ፣ በጀርመን አገር ንጉሠ ነገሥትነቱ ካርሎስ አምስተኛ የሚባለው ንጉሥ የጦር ልብሶች ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹን የሠሩት በሚላኖ ከተማ ይኖሩ የነበሩት የኔግሮሊ ቤተሰብ ባለሙያዎች ናቸው። በብረት ላይ የተነጠፈው ወርቅና ከብረቱ በመዶሻ እየተገፋ የወጣው የአንበሳና የሰው ፊት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም አልደበዘዘም። አያትና አባት እነዚህን ዕቃዎች ሲጠብቁና ሲጠግኑ የጥንቱ ባለሙያ እጅ እንዴት እንደሠራ በቅርብ ለማጥናት ዕድል አግኝተዋል።

የማድሪድ አፈሙዝ ሠሪዎች

የፕላሲዶን ሥራ በሚገባ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበሩትን የስፔን ሽጉጥ ሠሪዎች ማወቅ ያስፈልጋል። በጌጥ ያሸበረቀ የስፔን ሽጉጥ ዛሬ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው በወርቁ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ የሚኮሩት ግን ከወርቁ በታች ባለው አፈሙዝ ነበር።

የማድሪድ የጦር መሣሪያ ሠሪዎች የሙያ ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት በካርሎስ አምስተኛ ዘመን ከጀርመን አገር ከመጡ ባለሙያዎች ጀምሮ ነው። በ1795 ዓ.ም. ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኢሲድሮ ሶሌር የማድሪድ መሣሪያ ሠሪዎችን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል። በመጽሐፉም ማን ከማን እንደተማረ ዘርዝሮ የየአንዳንዱን ባለሙያ ምልክት በሥዕል አስቀምጧል። የጦር መሣሪያ ሠሪዎች እንደ ነገሥታት የትውልድ ሐረጋቸው ተጽፎ መገኘቱ በዚያ ዘመን ለእጅ ሥራ ይሰጥ ከነበረው አነስተኛ ክብር አንጻር ሲታይ ትልቅ ነገር ነው።

ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ስሙ ይበልጥ የገነነው ኒኮላስ ቢስ ነው። ኒኮላስ ቢስ የጀርመን ተወላጅ ሲሆን ለካርሎስ ሁለተኛና ለፊሊፔ አምስተኛ ሠርቶ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አርፏል። አፈሙዝን ከአሮጌ የፈረስ ጫማ ብረት የመሥራት ዘዴም በእርሱ ስም ይጠራል። ነገሩ ሲሰሙት ተረት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ለፈረስ ጫማ የሚመረጠው ለስላሳና የማይሰበር ብረት ነው። ይህም ብረት በፈረሱ ኮቴ ሥር በመንገድ ድንጋይ ላይ ለወራት ሲቀጠቀጥ ይኖራል። ባለሙያው ቁርጥራጩን ሰብስቦ በእሳት እያጋመ ደጋግሞ ሲቀጠቅጠው በውስጡ ያለው ቆሻሻ እየተራገፈ ይወጣል። ከተሰበሰበው ብረት የሚበልጠው በእሳትና በመዶሻ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥቂቱ ግን ንጹሕ ነው።

አፈሙዙም በአንድ ጊዜ ከአንድ ረጅም ሉህ አይጠቀለልም ነበር። አምስት ወይም ስድስት አጫጭር ክፍሎች ለየብቻቸው ከተሠሩ በኋላ ጫፍ ለጫፍ በእሳት ይበየዳሉ። በዚህም ዘዴ የብረቱ ጅማት አፈሙዙን እንደ ቀለበት ዙሪያውን እንዲይዝ ይደረጋል። የባሩድ ኃይል ከውስጥ ወደ ውጭ ሲገፋ ጅማቱ በርዝመት የሄደ አፈሙዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጅማቱ ዙሪያውን የሄደ ግን ይይዛል። ስለዚህ የማድሪድ አፈሙዝ ቀላል ሆኖ ጠንካራ ነበር። አፈሙዝ ሲፈነዳ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ወታደር የዚህን ሥራ ዋጋ ለመገመት አይቸገርም።

አፈሙዙ ተጠናቅቆ ከተፈተነ በኋላ ባለሙያው ስሙንና የግል ምልክቱን በወርቅ ላይ ይመታበታል። ይህ የወርቅ ማኅተም ከጌጥነቱ ይልቅ ዋስትናነቱ ይበልጥ ነበር። ብረቱ ቢከዳ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ በራሱ በብረቱ ላይ ተጽፏልና። ማኅተሙ የተከበረ በመሆኑም በሌሎች አገሮች የነበሩ አንዳንድ ሠሪዎች በራሳቸው አፈሙዝ ላይ የማድሪድ ባለሙያዎችን ስም በሐሰት እስከ መምታት ደርሰዋል።

የስፔን ሽጉጥ በማቀጣጠያው ጭምር ከሌሎች ይለያል። ሚኬሌት በሚባለው በዚህ ማቀጣጠያ ላይ ባልጩት የነከሰው መዶሻ የብረቱን ክዳን ሲመታ ብልጭታው ከታች ባለው ባሩድ ላይ ይወርዳል። ትልቁ ሞላ ከውጭ በኩል የተገጠመ ስለሆነ ለዓይን አያምርም፤ ነገር ግን ኃይለኛ ነው። ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ ባልጩት እንኳ ቢገጠምለት እሳት ይሰጣል። ሲሰበርም የመንደር ቀጥቃጭ ሊጠግነው ይችላል። ከዚህ የተነሣ ይህ ዓይነት ማቀጣጠያ በሰሜን አፍሪካ፣ በቱርክ ግዛትና በካውካስ ተራሮች ሳይቀር ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል።

በካታሎኒያ ክፍለ አገር የምትገኘው የሪፖል ከተማም በአጫጭር ሽጉጦቿ ታዋቂ ነበረች። ሰደፋቸው በነሐስ ወይም በብር ሉህ ተሸፍኖ በአበባና በሐረግ ቅርጽ ይጌጥ ነበር። ነገር ግን በ1839 ዓ.ም. በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የካርሊስት ጦር ከተማዋን ይዞ አቃጠላት። ከዚያ ወዲህ የሪፖል ሽጉጥ ሠሪዎች ሙያ አላንሠራራም። በዚያን ጊዜ ፕላሲዶ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። አንድ ሙያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ እንደሚችል የሪፖል ዕጣ ለስፔን ባለሙያዎች ሁሉ ማስረጃ ሆነ።

አባት ያየው፣ ልጅ የተማረው

ኤውሴቢዮ ዙሎአጋ የአባቶቹን ሙያ ብቻ ይዞ መቀመጥ እንደማይበቃ የተገነዘበ ሰው ነበር። በ1830ዎቹ በመንግሥት ወጪ ወደ ፈረንሳይ አገር ተልኮ በፓሪስና በሴንት ኤቲዬን ከተሞች የዘመኑን የመሣሪያ አሠራር አጠና። በዚያን ጊዜ ባልጩት ቦታውን ለአዲስ ነገር በመልቀቅ ላይ ነበር። ተቀጣጣይ ቅመም የያዘች ትንሽ የመዳብ ቆብ በመዶሻው ስትመታ ባሩዱን ትለኩሳለች፤ ዝናብና ነፋስም እንደ ቀድሞው አያስቸግሩም። ኤውሴቢዮ ወደ አገሩ ሲመለስ በማድሪድና በኤይባር የሥራ ቦታ አቋቁሞ በአዲሱ ዘዴ የሚተኮሱ፣ በጥንቱ ጥበብ ያጌጡ ሽጉጦችንና የአደን ጠመንጃዎችን መሥራት ጀመረ። በሌላ አነጋገር የመተኮሻው ክፍል የዘመኑ፣ ጌጡ የካርሎስ አምስተኛ ዘመን ነበር ማለት ነው።

ፕላሲዶ ያደገው በዚህ ቤት ነው። ሞረድና መሮ መያዝ የተማረው ከአባቱ ሲሆን ወጣት ሳለ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሊዬናር ከሚባለው የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ዘንድ የንድፍ ጥበብ ቀስሟል። አንድ የብረት ሠራተኛ ልጅ ንድፍ እንዲማር ወደ ውጭ አገር መላኩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሥዕሉን ሌላ ሰው፣ ብረቱን ሌላ ሰው ሲሠራው ሁለቱ እንደማይዋሐዱ ኤውሴቢዮ ያውቅ ነበር።

በ1851 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ኤውሴቢዮ በወርቅ ያጌጡ መሣሪያዎቹን ይዞ ከቀረቡት መካከል ነበር። በዚያው የመስታወት አዳራሽ ውስጥ ሳሙኤል ኮልት የሚባለው አሜሪካዊ ባለ ብዙ ጎራሽ ሽጉጦቹን ደርድሮ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። የኮልት ሽጉጥ ክፍሎች በመኪና እየተቆረጡ በብዛት የሚወጡ ነበሩ። የኤውሴቢዮ ሥራ የአንድ ባለሙያን የብዙ ወራት ድካም ይጠይቃል፤ የኮልት ፋብሪካ ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ አንድን ሻምበል ለማስታጠቅ ይችላል። የሁለቱን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ላየ ሰው የሽጉጥ ሠሪው ዕጣ ወዴት እንደሚያመራ የተሰወረ አልነበረም። ፕላሲዶ በዚያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር።

የደማስቆ ሥራ

ዙሎአጋዎች የታወቁበት ጥበብ በደማስቆ ከተማ ስም ይጠራል። ወርቅንና ብርን በብረት ላይ የመትከል ጥበብ በምሥራቅ አገሮች የታወቀ ሲሆን በስፔንም ከጥንት ጀምሮ ተሠርቶበታል። በጥንቱ ዘዴ ባለሙያው በመጀመሪያ በብረቱ ላይ ቦይ ይቆፍራል። የቦዩን ታች ከላዩ ሰፋ አድርጎ ካዘጋጀ በኋላ የወርቅ ክር አስገብቶ በመዶሻ ይመታዋል፤ ወርቁም በቦዩ ውስጥ ሰፍቶ ስለሚነከስ አይወጣም። ሥራው ጽኑ ነው፤ ነገር ግን አዝጋሚ ከመሆኑም በላይ በጣም ለቀጠኑና ለተቀራረቡ መስመሮች አይመችም።

ፕላሲዶ ያሻሻለውና ወደ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሰው ዘዴ ከዚህ ይለያል። ብረቱ በሞረድ ተስተካክሎ እንደ መስታወት ይወለወላል። ከዚያም ባለሙያው በጣም ስለታም በሆነ የዓረብ ብረት ስለት ገጹን በሙሉ በጥቃቅን ጭረቶች ይሸፍነዋል። በመጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ይጭራል፤ ቀጥሎ አቋርጦ ይጭራል፤ በመጨረሻም በሦስተኛ አቅጣጫ ይደግመዋል። ጭረቶቹ እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ ገጹ ለዓይን እንደ ደበዘዘ ብረት ብቻ ይታያል። በእውነቱ ግን ለቁጥር በሚያዳግቱ ጥቃቅን ጥርሶች ተሞልቷል። እንደ ፀጉር የቀጠነው የወርቅ ክር በንድፉ ላይ እየተመራ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ ሲመታ ጥርሶቹ ነክሰው ያስቀሩታል። ሙጫ የለም፤ ብየዳም የለም። ለስላሳው ወርቅ በጠንካራው ብረት ተይዞ ይኖራል።

ንድፉ ከተሞላ በኋላ ዕቃው በእሳትና በመድኃኒት ይጠቁራል። ብረቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ ወርቁ ግን በባሕርዩ ስለማይለወጥ እንዳለ ይቀራል። በጨለማ ሰማይ ላይ ከዋክብት እንደሚደምቁ ሁሉ የወርቁ ሐረግ በጥቁሩ ብረት ላይ ፍንትው ብሎ ይወጣል። በመጨረሻም ባለሙያው በጥቃቅን መምቻዎች የቅጠሉን ጅማትና የወፉን ላባ እየነቀሰ ሥራውን ይፈጽማል። ጭረቱ ከመጠን በላይ ከጠለቀ ንድፉ ይበላሻል፤ ካልጠለቀ ደግሞ ወርቁ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል። ልኩን የሚያውቀው በዓመታት ልምድ የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው።

ሽጉጡን ትቶ ሙያውን ማዳን

ፕላሲዶ በ1850ዎቹ መጨረሻ ገደማ የኤይባርን የሥራ ቦታ ከአባቱ ተረክቦ መምራት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ከፊቱ ነበር። አንደኛው እንደ ከተማው ሌሎች ሠሪዎች መኪና አስገብቶ ርካሽ ሽጉጥ በብዛት ማምረት ነው። ሁለተኛው በጥንቱ ዓይነት ለመኳንንት የሚሆን ያጌጠ ሽጉጥ እየሠራ ገዢዎቹ አንድ በአንድ እስኪያልቁ ድረስ መጠበቅ ነው። ፕላሲዶ ሁለቱንም አልመረጠም። ሽጉጥ ያሠለጠነውን እጅ ከሽጉጥ አላቅቆ ወደ ሌላ ዕቃ አዞረው። በአፈሙዝና በምላጭ ጠባቂ ላይ ይነቀስ የነበረው ሐረግ በሳጥን፣ በሰዓት፣ በአበባ ማስቀመጫና በሣህን ላይ መታየት ጀመረ። የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረው ቤትም የጥበብ ዕቃ መሥሪያ ሆነ።

ውሳኔው ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ቤተሰቡ ለትውልዶች የተከበረበትን ዕቃ መተው ነበረበት። ቀድሞ የጌጡ መመዘኛ ከበታቹ ያለው አፈሙዝ ጽናት ነበር፤ አሁን ግን ጌጡ ብቻውን ቆሞ መመዘን ያዘ። ፕላሲዶ ለዚህ የሰጠው መልስ የጥራት ደረጃውን ዝቅ አለማድረግ ነው። ሳጥኖቹ ለጦርነት የማይውሉ ቢሆኑም እንደ ጦር መሣሪያ በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ።

በዚህ ሥራው ትልቅ ድጋፍ ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሀብታም ከአልፍሬድ ሞሪሰን ነው። ሞሪሰን የጥበብ ሥራዎችን ይሰበስብ ነበር። ለፕላሲዶም ትዕዛዝ እየሰጠ፣ ሥራው የሚፈጀውን ረጅም ጊዜ ታግሦ እየጠበቀ ለብዙ ዓመታት ደግፎታል። ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚልቀው በ1870 እና 1871 ዓ.ም. የተሠራውና በሞሪሰን መኖሪያ ስም የፎንትሂል ሣጥን የሚባለው ነው። ይህ የብረት ሣጥን ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን ገጹ በሙሉ በወርቅና በብር ሥራ ተሸፍኗል። በሽጉጥ ሰደፍ ላይ የእጅ መዳፍ በማትሞላ ቦታ ይሠራ የነበረውን ጥበብ በዚህ ስፋት መሥራት ከዚያ በፊት የማይታሰብ ነበር።

የጄኔራል ፕሪም መቃብር

በዚሁ ዘመን ስፔን በፖለቲካ ትናወጥ ነበር። በ1868 ዓ.ም. የጦር መኮንኖች በመሩት አመፅ ንግሥት ኢሳቤል ሁለተኛ ከዙፋኗ ወረደች። ከአመፁ ዋና መሪዎች አንዱ በሞሮኮ ጦርነት ዝና ያተረፈው ጄኔራል ኹዋን ፕሪም ነበር። በኋላም የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር 1870 ዓ.ም. በማድሪድ ጎዳና በሠረገላው ሲሄድ ታጣቂዎች ተኩሰው አቆሰሉት፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሞተ።

የጄኔራሉን መቃብር የመሥራት አደራ ለፕላሲዶ ዙሎአጋ ተሰጠ። አባቱ ኤውሴቢዮ ጄኔራሉ ከዙፋን ያወረዳትን ንግሥት ያገለገለ ሰው መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያስደንቃል። በጥይት ለተገደለ ወታደር መቃብር የሚያስጌጠው ጥበብ ያደገው በሽጉጥ አፈሙዝ ላይ መሆኑም እንደዚሁ። ብረት፣ ወርቅና ብር የተዋሐዱበት ይህ መቃብር በ1875 ዓ.ም. በማድሪድ በአቶቻ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራሉ ወደ ተወለደባት ወደ ሬኡስ ከተማ ተዛውሯል።

በመካከሉ ከ1872 እስከ 1876 ዓ.ም. የቆየው ሌላ የካርሊስት ጦርነት የባስክን ምድር አመሰው። ፕላሲዶ ቤተሰቡን ይዞ ድንበር በመሻገር በፈረንሳይ አገር ሴን ዣን ደ ሉዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀመጠ። ስደት ለእጅ ባለሙያ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል፤ ምድጃውን፣ መሣሪያውንና አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች ትቶ ይሄዳልና። ሆኖም ሥራውን አላቋረጠም። የሪፖል ሽጉጥ ሠሪዎችን ሙያ የበላው ዓይነት ጦርነት በኤይባርም ደጃፍ ሲደርስ የዙሎአጋ ጥበብ ሳይጠፋ አለፈ።

ደቀ መዛሙርቱና ልጁ

ፕላሲዶ በሕይወት ዘመኑ ከሁለት መቶ በላይ የእጅ ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በዕቃዎቹ ላይ የሚነበበው የእርሱ ስም ይሁን እንጂ በኤይባር መስኮቶች ሥር ጎንበስ ብለው ጭረቱን የጫሩት፣ የወርቁን ክር አንድ በአንድ የመቱት ብዙዎች ነበሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሰለጠነ እጃቸውን ይዘው የየራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ጥበቡ በኤይባር ሥር ከመስደዱም በላይ በቶሌዶ ከተማም ይሠራበት ነበር። የማድሪድ ሽጉጥ ሠሪዎች ሙያቸውን ለጥቂት ደቀ መዛሙርት ብቻ ያስተላልፉ ነበር። ፕላሲዶ ግን ለከተማ አስተማረ።

ቤተሰቡም ከብረት ውጭ ፍሬ አፍርቷል። ኤውሴቢዮ ከሁለተኛ ሚስቱ የወለዳቸው የፕላሲዶ ወንድሞች በፈረንሳይ በሴቭር የሸክላ ፋብሪካ ተምረው በሥነ ሸክላ ስም አግኝተዋል፤ ከእነርሱም ዳንኤል ዙሎአጋ ይበልጥ ይታወቃል። የፕላሲዶ ልጅ ኢግናሲዮ በ1870 ዓ.ም. በኤይባር ተወለደ። ኢግናሲዮ በአባቱ የሥራ ቦታ መሮና መዶሻ ይዞ ቢያድግም ልቡ ያደላው ወደ ሥዕል ነበር። አባቱ ይህን አልወደደለትም። ልጁ ግን በሐሳቡ ጸንቶ ከስፔን ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። ፕላሲዶ ራሱ የአባቶቹን ሽጉጥ ትቶ ወደ ሌላ ዕቃ የዞረ ሰው እንደነበረ ስናስብ ልጁም ብረቱን ትቶ ወደ ሸራ መዞሩ ከዘሩ የተወረሰ ጠባይ ይመስላል።

ከእርሱ በኋላ

ኤውሴቢዮ ዘጠና ዓመት ያህል ኖሮ በ1898 ዓ.ም. አረፈ። ፕላሲዶም በ1910 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜው በማድሪድ ሞተ። በዚያን ጊዜ የኤይባር ፋብሪካዎች ሽጉጥ በብዛት እያመረቱ ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር። እነዚህ ሽጉጦች ርካሽ ስለነበሩ በየአገሩ ተሸጡ፤ አንዳቸውም ግን እንደ ኒኮላስ ቢስ አፈሙዝ የአንድን ሰው ስም በወርቅ ማኅተም ተሸክመው አልወጡም።

ለፋብሪካዎቹም ቢሆን ቀን ጨለመ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሽጉጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ አንዳንዶቹ ቱቦ መሥራት የለመደ መኪናቸውን ወደ ብስክሌት አዞሩት። ቀድሞ ሽጉጥ ይሠራ የነበረው ኦርቤአ የሚባለው ድርጅት ዛሬ የሚታወቀው በብስክሌት ነው። በ1937 ዓ.ም. በእርስ በርሱ ጦርነት ኤይባር በአየር ተደብድባ ብዙ ቤቶቿ ፈራረሱ። ከተማዋ ግን እንደገና ተሠራች። ፕላሲዶ በመዶሻና በወርቅ ክር ያሳየው መንገድ፣ ማለትም ዕቃው ሲያልፍበት የሠለጠነውን እጅ ወደ ሌላ ሥራ ማዞር፣ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ የከተማው ፋብሪካዎች ጭምር የተከተሉት መንገድ ሆነ።

የዙሎአጋ ሥራዎች ዛሬ በየአገሩ ቤተ መዘክሮችና በግል ስብስቦች ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ። የፎንትሂል ሣጥን የሚገኝበት የካሊሊ ስብስብ ከመቶ የሚበልጡ የስፔን የደማስቆ ሥራዎችን የያዘ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። የኤውሴቢዮ ሽጉጦችም ከልጁ ሣጥኖች ጋር በአንድነት ሲታዩ አንድ ነገር በግልጽ ይነበባል። በሽጉጡ አፈሙዝ ላይ ያለው ሐረግና በሣጥኑ ክዳን ላይ ያለው ሐረግ የአንድ እጅ ትምህርት ውጤቶች ናቸው።

መሣሪያውን በየቀኑ የሚወለውል ወታደርም ሆነ በየገበያው መዶሻውን የሚያሰማ የከተማ አንጥረኛ ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ትምህርት አለ ብለን እናምናለን። ባልጩቱ በመዳብ ቆብ፣ የመዳብ ቆቡም በጥይት ተተክቷል። የሪፖል ሽጉጥ ከነከተማው ተቃጥሏል። ንግሥቲቱ ወርዳለች፤ ጄኔራሉም ተገድሏል። ብረቱን በትዕግሥት ጭሮ ወርቁን ያስያዘው እጅ ግን ለሁለት መቶ ሰዎች ስለተላለፈ ሥራው እስከ ዛሬ ይታያል።